ከጃናሞራ እስከ አራት ኪሎ

ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ የክስ መዝገብ መንገድ ነው። ለባለመዝገቡ ስም አላወጣለትም፤ የጃናሞራ ገበሬ ነው በሉት። ክረምት ነው፤ ጉሙ ከቧሂት ተራራ ራስ አልነሳ ብሏል፤ ሚስቱ ምጥ ጠንቶባት ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ያወጧታል፤ አንዲት አሮጊትም ነጠላቸውን አውልቀው እግሯን ይሸፍኑላታል፤ ከዚያም በቧሂት በር ተሻግረው፣ በሳንቃ በር አድርገው ደባርቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ሪፈር ይጻፍላትና በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎንደር ይደርሳሉ።

እንግዲህ ከደባርቁና ከጎንደሩ በአንደኛው ሆስፒታል የማይሆን ስህተት ተሠራ እንበል። የትኛው እንደሆነ ለጊዜው አቆዩልኝ፤ ኋላ መንገዱ የሚለየው በእሱ ነው።

ሕግስ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2651፣ ሐኪሙ ወይም ረዳቱ ቢያጠፋ የቀጠረው ተቋም ይክሳል ይላል። ቁጥር 2143 ደግሞ ካሳው ከውል ውጭ ከተጠየቀ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ክሰስ ይላል። ታዲያ ሰውየው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ከዚያም ደጅ ይጠናል፤ ስህተት መኖሩን የሚያስረዳለት ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያው ደግሞ የሐኪሙ የሙያ ጓደኛ ነው።

አሁን መንገዱ ይለያያል። ሆስፒታሉ የደባርቁ ከሆነ ጉዳዩ የክልሉ ነው፤ ሆስፒታሉን የሚጠይቀውም ባሕር ዳር የሚቀመጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲው ከሆነ ግን የፌዴራል ነውና ነገሩ አራት ኪሎ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይደርሳል።

ምክር ቤቱም ሥልጣን አያንሰውም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይቀር ጠርቶ እንዲጠይቅ ፈቅዶለታል። ከዚያም ሚኒስትር ይጠራል፤ መድኃኒት ለምን ጠፋ፣ ሕንፃው ለምን ዘገየ ይባላል፤ ደግ ጥያቄ ነው። የሰውየው መዝገብ ግን ብቻውን ይከፈታል፣ ብቻውን ይዘጋል፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ተደምሮ እንደራሴዎች ፊት ሲቀርብ እኔ አላየሁም።

እንግሊዞች ዘንድ ግን በፈረንጆቹ 2025 የፓርላማው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ፣ መንግሥት ለሕክምና ጥፋት ካሳ የያዘውን 58.2 ቢሊዮን ፓውንድ ዕዳ አንስቶ፣ የታካሚውን ጉዳት የምትቀንሱበትን ዕቅድ በ6 ወር ውስጥ አምጡ አለ። እነሱም ገና አልተገላገሉትም፤ ቢያንስ ልኩን ያውቁታል።

የኛዎቹም፣ አራት ኪሎም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይበቃኛል፦ በዓመቱ ስንት ሰው ተጎዳሁ ብሎ ከሰሰ፤ ለስንቱ ተከፈለ፤ የተከፈለውስ ከየትኛው በጀት ወጣ? ሦስተኛዋን ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ ከሆስፒታሉ የመድኃኒት በጀት ተቀንሶ ከሆነ፣ ካሳውን የከፈለው በማግስቱ ባዶ እጁን ከፋርማሲው የሚመለሰው በሽተኛ ነው።