ከለጋሽ የሚወሰድ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ፦ ስጋቶቹና የጎንዮሽ ጉዳቶቹ

በደም ካንሰር ለታመሙ ወይም መቅኔያቸው ደም ማምረት ላቆመ ብዙ ሰዎች፣ ከለጋሽ የሚወሰድ መቅኔ በአላህ ፈቃድ የመዳን ሰበብ ነው። ሕክምናው ግን ከባድ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ከመወሰኑ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን አቅርበናል።

ከንቅለ ተከላው በፊት
መቅኔው ለታማሚው የሚሰጠው እንደ ደም በደም ሥር ነው። ከዚያ በፊት የሚወስደው ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ጨረር፣ የአፍ ቁስለት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የፀጉር መርገፍ ያስከትላል። መካንነትም ሊያመጣ ስለሚችል ባለትዳሮች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ኢንፌክሽን
አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ሰውነት መከላከያ ስለማይኖረው ትኩሳት ሲከሰት ሳይዘገይ ለሐኪም መንገር ግድ ነው። በሽታ የመከላከል አቅም በደንብ እስኪመለስ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የልጅነት ክትባቶችም እንደገና ይሰጣሉ። የታመመን መጠየቅ ትልቅ አጅር ያለው ሥራ ቢሆንም፣ በእነዚህ ሳምንታት በስልክ መጠየቅና ዱዓ ማድረግ ይሻላል።

የለጋሹ ሕዋሳት ታማሚውን ሲያጠቁ
ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው። የለጋሹ የመከላከያ ሕዋሳት የታማሚውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት በቆዳ ሽፍታ፣ በተቅማጥና በዓይን ቢጫ መሆን ይታያል። ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ ዓይንና አፍን ያደርቃል፣ ቆዳን ያጠነክራል፣ ሳንባን ይጎዳል። ማብረጃ መድኃኒቶቹ በበኩላቸው ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ሆኖም እነዚሁ ሕዋሳት የተረፈውን ካንሰርም ስለሚዋጉ ሐኪሞች ሁለቱን ለማመጣጠን ይጥራሉ። ከዚህ ሌላ መቅኔው ላይቀበል፣ ካንሰሩም ሊመለስ ይችላል።

ለጋሹስ?
አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ 25 በመቶ ነው። መቅኔው በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት ሲወሰድ ለተወሰኑ ቀናት ሕመምና ድካም ይኖራል፤ ሰውነት ግን በሳምንታት ውስጥ ይተካዋል። ከባድ ጉዳት ብዙም አያጋጥምም።

በሸሪዓ በኩል፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ እንደ ደም ራሱን የሚተካ የአካል ክፍል መለገስን በመስፈርት ፈቅዷል፤ ለጋሹ ሙሉ አቅም ያለው መሆኑ ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው፤ የአካል ክፍልን መሸጥ ግን ከልክሏል። ስለዚህ ወንድምን ወይም እህትን በቤተሰብ ጫና ማስገደድ አይገባም።

ጾምን በተመለከተ፣ ታማሚ መድኃኒቱን ከማቋረጡ በፊት ሐኪሙንና ዓሊም ይጠይቅ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋውን ይስጥልን።