በሸክላው ልባስ ላይ ያልተጻፉ ስሞች

«ሰነድ ከሌለ ታሪክ የለም» የሚለውን የሙያችንን አሮጌ ብሂል እንድጠራጠር ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ መጽሐፍ ሳይሆን ዘፈን ነው። ቴምፕቴሽንስ የተባሉት ድምፃውያን እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት «ማይ ገርል» በድምፃቸው አይጀምርም። አስቀድሞ የጄምስ ጄመርሰን ቤዝ ጊታር ይሰማል፤ የሮበርት ኋይት ጊታር ይከተለዋል። ማንም አድማጭ ዘፈኑን የሚለየው ገና አንድ ቃል ሳይዘፈን በእነዚህ ሁለት ሰዎች ጣቶች ነው። በሸክላው ላይ ግን የሁለቱም ስም አልሰፈረም።

ሁለቱም ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1959 በዲትሮይት ከተማ ያቋቋመው የሞታውን ኩባንያ አጃቢዎች ነበሩ። «ፋንክ ብራዘርስ» በሚል መጠሪያ የሚታወቁት እነዚህ ሙዚቀኞች አብዛኞቹ በከተማዪቱ የጃዝ ክለቦች የበሰሉ ናቸው። ከበሮውን ቤኒ ቤንጃሚን፣ ፒያኖውን ኧርል ቫን ዳይክ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ሱፕሪምስ፣ ነገ ፎር ቶፕስ፣ ከነገ ወዲያ ማርቪን ጌይ ማይክራፎኑ ፊት ይቆማሉ፤ ከኋላ ያሉት እጆች ግን እነዚያው ናቸው። የሚከፈላቸው የሥራቸው ዋጋ ብቻ ነበር፤ ሸክላው በሚሊዮን ቢሸጥ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራቸውም።

ይህ ዝንጋታ ነበር ይባል ይሆን? ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ ልማድ ዝንጋታ ሊባል አይችልም። ስም መጻፍ ቀለም እንጂ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሆኖም ስም ያለው ሠራተኛ ዋጋውን ይጠይቃል። ኩባንያው የሙዚቀኞቹን ስም በአልበም ልባስ ላይ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው። ቤኒ ቤንጃሚን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል። በ1972 ደግሞ ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ብዙዎቹ ሙዚቀኞች እዚያው ዲትሮይት ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚነግሩን፣ ጄመርሰን ዝግጅቱን የተመለከተው ቲኬት ገዝቶ ከታዳሚው መካከል ተቀምጦ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በ47 ዓመቱ አረፈ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ በ2000፣ ስለ ባልደረቦቹ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በ2002 ደረሱለት።

እኛስ? በየሕንጻው በር ላይ የመሠረት ድንጋይ ያኖረው ባለሥልጣን ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ እናነባለን፤ ድንጋዩን የጠረበውን ግንበኛ የሚጠቅስ ሰሌዳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እውነት ነው፤ አስቀድሞ የሚጽፈው ካገኘ። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህን ነው፦ ሰነዱን ስታነቡ ማን እንደ ተጻፈ ብቻ አትዩ፤ ብዕሩ በማን እጅ እንደ ነበረም ጠይቁ።