ጠመንጃው ሲወርድ

ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ጫካ መግባት፣ ባይኖኩላር አንገት ላይ አንጠልጥሎ ወፍ እስኪመጣ በዝምታ መጠበቅ ዛሬ በመላው ዓለም ሚሊዮኖችን የያዘ ፍቅር ነው። ሰላማዊ ነገር ይመስላል አይደል? አጀማመሩ ግን ደም ነበረበት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድን ወፍ ለማጥናት የተለመደው መንገድ መግደል ነበር። ከሩቅ አጥርቶ የሚያሳይ መሣሪያ እንደ ልብ አልነበረማ! ተመራማሪው ተኩሶ ይጥላል፣ ቆዳውን ገፎ ያደርቃል፣ ወደ ሙዚየም ይልካል። ጣሊያናዊው ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የመጣው በዚህ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። የሰበሰባቸው ወፎች ግን ጣሊያን ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አረንጓዴ ላባና ነጭ ጉትዬ ያለው፣ ለሳይንስ አዲስ ነበር፤ በ1896 በሟቹ ስም ተሰየመ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልዑሉ ወፉን የት እንዳገኘው አልጻፈም። ተመራማሪዎች በሕይወት ያገኙት በ1940ዎቹ ነው።

በመሀሉ ዓለም እየተለወጠ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በገና ሰሞን ቡድን ለይቶ፣ ብዙ ወፍና እንስሳ በመግደል የመፎካከር ልማድ ነበር። በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ተመራማሪ ከመግደል ይልቅ እንቁጠር አለ። በዚያ ገና 27 ሰዎች ወጥተው ቆጠሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል።

ወፍ ማየት ለምን ሰውን እንደሚይዝ ሳስብ መልሱን እዚህ አገኘዋለሁ። የተገደለ ወፍ የገዳዩ ብቻ ነው፤ የታየ ወፍ ግን ነገም ለሌላ ሰው ይዘምራል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የልዑሉ ወፍ አድራሻው ጠፋ በተባለባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ቦረና ውስጥ ከብት የሚያግድ አንድ ልጅ ድምፁን ይሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለእሱ ጠፍቶ አያውቅም። የሚጠራበት ስምም ሳይኖረው አይቀርም። መጽሐፍ ላይ የሰፈረው ግን የሩስፖሊ ስም ነው።

ስለዚህ ባይኖኩላር እስክትገዙ አትጠብቁ። ደጃችሁ ላይ የሚጮኸውን ወፍ ማን እንደሚሉት አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉት። አንድ ልዑል ሳይጽፍ ስለሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተፈለገ። አያቶቻችን ይዘውት የሚሄዱትን ስም ማን ይፈልገዋል?