የካውፍሐውስ ነገር

በጀርመን ከተሞች ከመርፌ እስከ ምንጣፍ በአንድ ጣራ ሥር የሚሸጡት ታላላቅ መደብሮች «ካውፍሐውስ» ይባላሉ፤ የመገበያያ ቤት ማለት ነውና፣ ስሙን ገበያ ፈላጊ ነጋዴ አወጣው ብሎ የሚገምት ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን ይህ ቤት የከተማው ሹማምንት እንጂ የነጋዴ ገንዘብ አልነበረም፤ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሸቀጡን ወደዚያ አግብቶ፣ በከተማው ሚዛን አስመዝኖና ቀረጡን ከፍሎ ይሸጥ ዘንድ የታነጸ ስለ ነበር፣ ከሱቅ ይልቅ ጉምሩክን ይመስላል።

ከሁሉም ዝነኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1388 በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር፣ ከኢጣልያ ጋር ለሚደረገው ንግድ ታስቦ መሠራት የጀመረው ነው። ከ1378 ጀምሮ የሮም ቤተ ክርስቲያን ተከፍላ፣ በመጨረሻም ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ መንበሩ የእኔ ነው ሲሉ ከቆዩ በኋላ፣ ይህን መከፋፈል ለማብቃት በኮንስታንስ ከተማ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ በኅዳር 1417 ሃያ ሦስት ካርዲናሎችና ሠላሳ የየአገሩ መልእክተኞች የሸቀጥ ማከማቻ በነበረው በዚህ ቤት ተዘግተው፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል ቀን ኦዶኔ ኮሎናን ጳጳስ አድርገው መረጡ፤ እርሱም ማርቲኖስ 5ኛ ተባለ። ጉባኤው ራሱ የተቀመጠው በካቴድራሉ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ግን ይህን የንግድ ቤት እስከ ዛሬ «ኮንሲል»፣ ማለትም ጉባኤ፣ እያለ ይጠራዋል።

«ካውፍሐውስ» የሚለውን ስም ግን የወረሱት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የተነሡት ባለ መደብሮች ናቸው። ሌዮንሃርድ ቲትስ በ1879 በሽትራልዙንድ ክርና አዝራር በሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ፣ ክርክርንም ዱቤንም ከለከለ፤ አዶልፍ ያንዶርፍም በ1907 በበርሊን የከፈተውን «የምዕራቡ ካውፍሐውስ» አለው። ይህ ዕድገት ባለ ትናንሽ ሱቆችን አስቈጣ፤ የፕሩሲያ መንግሥትም በ1900 ሽያጫቸው በዓመት ከ400,000 ማርክ በሚበልጠው ታላላቅ መደብሮች ላይ ለብቻቸው ግብር ጣለ። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ አይሁድ ስለ ነበሩ ቍጣውን ወደ ዘር ጥላቻ ማዞር ለናዚዎች አላስቸገራቸውም። በ1933 ሥልጣን በያዙ ጊዜ የቲትስ ልጆች ከማኅበራቸው ተገፍተው ወጡ፤ የአባታቸውም ስም ከመደብሮቹ ግንባር ላይ ተፍቆ፣ በምትኩ የማንንም ስም የማያነሣው «ካውፍሆፍ» ተጻፈ።