ባሌስትራ፣ ሞላና ያልተዋስነው ማስጠንቀቂያ

አማርኛ ከማን ምን እንደተዋሰ ማወቅ የሚሻ ሰው ቤተ መጻሕፍት ከመግባቱ በፊት መኪና ሥር ይግባ። ቀልዴን አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት እንደ ጋራዥ ያለ የቃላት መዝገብ አላገኘሁም።

መሪው የኛ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው ሁሉ ጣሊያንኛ ይናገራል። ጉድጓዱን የሚችልልን ባሌስትራም እንዲሁ። ባሌስትራ በጣሊያንኛ የጥንት ወታደር መሣሪያ ነው፤ በእንጨት ሰደፍ ላይ ተጋድሞ በምላጭ የሚተኮስ ቀስት። ተደራርቦ የጎበጠው ብረት ያንን ቀስት ስለሚመስል ስሙን ወረሰ።

ብረቱ ራሱ ከመኪና ይቀድማል። እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1804 በጎበጠ ብረት ላይ የሚቀመጥ ሠረገላ ሠርቶ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ወደ እኛ የመጀመሪያዋ መኪና የመጣችው በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ነው። የጣሊያንኛው ቃል በጅምላ የተራገፈው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ይመስለኛል። ጠላት መንገድ ጠረገ፣ ጣርማ በርን በሳ፣ ካሚዮን አሰማራ። ካሚዮን ሲሰበር መካኒክ ይፈልጋል፤ መካኒክም ረዳት ይፈልጋል። ረዳቱ ታዲያ የኛው ልጅ ነበር። ጦሩ ተሸንፎ ሄደ፤ ቃሉ ግን ተማርኮ ቀረ።

ጥቅልሉን ብረት ጣሊያን ሞላ ይለዋል፤ እኛም ሞላ አልነው። የገጠር ሰው “ምኑ ነው የሞላው?” ቢል አይፈረድበትም። ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት በኩል ሲገባ ደግሞ ሾክ አብዞርበር መጣ። ሥራቸው ለየቅል ነው። ሞላው ይሸከማል፤ ብቻውን ከተተወ ግን ጉድጓዱ ካለፈም በኋላ መዝለሉን አይተውም። ሾክ አብዞርበሩ በሆዱ የያዘውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ዝላዩን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

አሜሪካዊው ኧርል ማክፈርሰን በነደፈው አሠራር ሁለቱ አንድ ላይ ተገጣጥመው ይገባሉ፤ ብዙ የዛሬ የቤት መኪኖች የፊት እግራቸው እንዲህ ነው። ሾክ አብዞርበሩን ለመቀየር አስቀድሞ ሞላው በመጭመቂያ ይያዛል። ከዚያ የላዩ ዳዶ ይፈታል፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፣ ሞላው መቀመጫው ላይ ይስተካከላል፣ ዳዶው ይጠብቃል። በመጨረሻ መጭመቂያው ከሁለቱም ወገን እኩል እየላላ ይለቀቃል። ሞላው ሳይያዝ ዳዶው ከተፈታ ቀስቱ ይተኩሳል። ፊት ያፈርሳል፣ ይገድላልም።

አንድ ጋራዥ ውስጥ ጢም ያላበቀለ ረዳት የታመቀ ሞላ በሽቦ አስሮ፣ በጉልበቱ መሃል ይዞ ሲታገል አይቻለሁ። የአዲሱ ዕቃ ካርቶን አጠገቡ ወድቋል፤ ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ተጽፎበታል። ልጁ የዕቃውን ሁሉ ስም ከኔ በተሻለ ያውቃል። ያንን ጽሑፍ ያነበበለት ግን የለም።

ቃል መዋስ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ስሙን ወስዶ አደጋውን ሳይነግሩ ልጅን መኪና ሥር መስደድ ነው። ለዚህ ደግሞ አካዳሚ አያስፈልግም፤ ባለ ጋራዡ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ያጽፍ፦ ሞላ በመጭመቂያ ሳይያዝ ዳዶ አይፈታም። አምስት ቃል ነው፤ ሁለቱ የጣሊያን፣ ሦስቱ የኛ።