ፋይል መጋራት፣ የቅጅ መብትና የግል ሚስጥር፦ ከሚሞሪ ካርድ እስከ ቴሌግራም

ፋይል መጋራት ማለት የድምፅ፣ የቪዲዮ ወይም የጽሑፍ ቅጅን ከአንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ ሌላ ማስተላለፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ቴሌግራም ነው። በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በንፋስ መውጫና በዙሪያቸው ግን ሚሞሪ ካርድ፣ ፍላሽ፣ ብሉቱዝና ዜንደር ከኢንተርኔት ያልተናነሰ ሥራ ይሠራሉ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡ ለብዙ ወራት ሲቆይ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ዋናው መንገድ ሆኖ ነበር።

በእኛ ጀመዓ ውስጥ ከሚዘዋወረው አብዛኛው ቂርኣት፣ ተፍሲር፣ ሙሐደራ፣ መንዙማ፣ ነሺዳና ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነ ኪታብ ነው። «የዲን ነገር ባለቤት የለውም» የሚለው አነጋገርም አብሮ ይዘዋወራል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

ሥራ ላይ ያለው ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ «ሥራ» ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ መጽሐፍና ኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ሳይሆኑ ንግግር፣ ትምህርታዊ ገለጻና ስብከትም ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ኡስታዝ ያዘጋጀውና የተቀረጸ ሙሐደራ እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ አለው። መብቱ አመንጪው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾች ይጠቀሙበታል። ለጥበቃው ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሐሳቡ ራሱ ግን የማንም አይደለም፤ ከአንድ ደርስ የተማሩትን በራስ አነጋገር ማስተማርን የሚከለክል ሕግ የለም።

መንዙማ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ለምሳሌ የወሎው ዓሊም ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ የተዉልን መንዙማ አለ። እሳቸው ካረፉ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ ግጥሙን ማንም ሊያነበው፣ ሊያዜመው፣ ሊያሳትመው ይችላል። ይሁንና ዛሬ አንድ ሙንሺድ ያንኑ መንዙማ ስቱዲዮ ገብቶ ቢቀርጸው በአዜማመዱ ላይ ከዋኝነት መብት ያገኛል፤ ቀረጻውን ያዘጋጀው ደግሞ በድምፅ ቅጂው ላይ የራሱ መብት አለው። ሁለቱም 50 ዓመት ይጠበቃሉ። ግጥሙ የሁሉም ሆኖ ሳለ ሲዲው ወይም ኤምፒ3 ፋይሉ የሁሉም አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የድሮ አባቶች ኪታብም እንዲሁ ነው፦ ጥንታዊው የዐረብኛ ጽሑፍ ነጻ ሲሆን አዲሱ የአማርኛ ትርጉም ግን የተርጓሚው ነው።

አዋጁ በሮችንም ትቷል። ግለሰብ ለራሱ መገልገያ ብቻ አንድ ቅጅ ማስቀረት ይችላል፤ ሙሉ መጽሐፍ ወይም ዋናውን ክፍሉን መገልበጥና ኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። ምንጩን እየጠቀሱ መጥቀስና ለማስተማር በተገቢ መጠን ማባዛትም ተፈቅዷል። መድረሳ ውስጥ ጥቂት ገጽ ኮፒ አድርጎ ለተማሪዎች መስጠትና ሙሉውን ኪታብ ብዙ ሺህ ተከታይ ባለው ቻናል መልቀቅ አንድ አይደሉም። ባለመብቱ ራሱ «ለሁሉም አዳርሱ» ካለ ደግሞ ፈቃዱ ይበቃል። ብዙ ኡስታዞች እንደዚያ ይላሉ፤ ያላለውን እንዳለ መቁጠር ግን አይገባም።

ቅጣቱ በወረቀት ላይ ከባድ ነው። ሆን ብሎ መብት መጣስ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስከትላል። በፍትሐ ብሔር ደግሞ የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተደንግጓል። በተግባር ሲታይ ዘመቻው ያተኮረው በካሴትና በሲዲ አባዢዎች ላይ ነበር፤ ቻናል ከፍቶ የሚለቅቅን ሰው ማንነት ማረጋገጥ ከዚያ በጣም ይከብዳል። ኪታቡን በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ተርጓሚ በሳምንቱ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ሲያየው የኅትመት ዕዳው ግን እሱ ጋ ይቀራል። ሁለተኛ ቅጽ ሳይወጣ የሚቀረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

በሸሪዓ በኩል ዕውቀትን መደበቅ ስለማይፈቀድ የኅትመት መብትን ያልተቀበሉ ዑለሞች ነበሩ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 43 የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ፣ የገንዘብ ዋጋ ያለው ሐቅ እንደሆነና መድፈሩ እንደማይፈቀድ አስታውቋል።

ወደ ግል ሚስጥር ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የደብዳቤን፣ የስልክንና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን ሚስጥር ይጠብቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ የኒካሕ ቪዲዮንም ሆነ የሴቶችን ደርስ ምስል የሚያሰራጩ ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሃይማኖትን ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል።

ቴክኒኩን በተመለከተ፣ ቶረንት የሚያወርድ ሰው የአይፒ አድራሻው ያንኑ ፋይል ለሚያወርዱ ሁሉ ይታያል። የቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠሩ አይደሉም፤ ከመልእክት መለዋወጫዎቹ እንደዚያ የሆነው «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው ነው። ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ፎቶ «በፋይል» መልክ ሲላክ የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ቀዳዳ ሚሞሪ ካርዱ ነው። መንዙማ ለማስጫን ካርዱን ሲሰጡ የቤተሰብ ፎቶውንም አብረው ይሰጣሉ፤ የጠፋ ፋይል ደግሞ በቀላል ፕሮግራም ይመለሳል። ስለዚህ ለማስጫኛ ባዶ ሆኖ የተገዛ ሌላ ካርድ መያዝ፣ ስልክ ለጥገና ሲሰጥም ካርዱን አውጥቶ ማስቀረት ይሻላል።

ሥራው ያለ ፈቃድ የተለቀቀበት ሰው በቅድሚያ የቻናሉን ስም፣ ቀኑንና ሊንኩን የሚያሳይ ስክሪንሾት ይያዝ፤ ከዚያ ለቻናሉ ባለቤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ካልተነሣለት ለመተግበሪያው የቅጅ መብት አቤቱታ ያቅርብ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራዎችን ይመዘግባል፤ ምዝገባው ለመብቱ ግዴታ ባይሆንም ፍርድ ቤት ሲደርሱ ለማስረጃነት ይጠቅማል።