ሕፃኑ፣ አይጧና መዶሻው

ከመካከላችን አንዱ ሊፍት ውስጥ አይገባም። ቀጠሮው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ቢሆን እንኳ ደረጃውን ይያያዘዋል፤ እኛም ቀድመን ወጥተን እየሳቅን እንጠብቀዋለን። ሰሞኑን ግን ሳቁን ተወት አድርገን ሰው እንዲህ ያለውን ፍርሃት ከየት ያመጣዋል ብለን ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ግን ብዙም አያስቅም።

ፎቢያ ስሙን ያገኘው ከግሪኮች የፍርሃት አምላክ ከፎቦስ ነው። ሐኪሞች አጥብቀው የያዙት ግን ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ዌስትፋል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሰፊ አደባባይ ማቋረጥ ለሚያስጨንቃቸው ሰዎች ሕመም አጎራፎቢያ የሚል ስም አወጣ። በ1909 ደግሞ ፍሮይድ ፈረስ ስለሚፈራ አንድ የቪየና ልጅ ጻፈና ልጁ የሚፈራው ፈረሱን ሳይሆን አባቱን ነው አለ።

ይህ ትርጓሜ ለአሜሪካዊው ጆን ዋትሰን አልተዋጠለትም። ፍርሃት እንደማንኛውም ልማድ ይለመዳል ባይ ነበር። ይህንንም ለማሳየት ከረዳቱ ከሮዛሊ ሬይነር ጋር በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ፣ «አልበርት» ያሉትን ሕፃን መረጡ። እናቱ እዚያው ሆስፒታል የሌሎችን ሕፃናት ጡት እያጠባች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ልጁ ረጋ ያለ ነበር፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። በዘጠኝ ወሩ ነጭ አይጥ፣ ጥንቸልና ውሻ ቢያሳዩት አንዱንም አልፈራም።

አሥራ አንድ ወር ሲሆነው አይጧን መልሰው አመጡለት። ሊነካት እጁን ሲሰድ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ ተመታ። ይህ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ተደገመ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሳይኖር አይጧን ሲያይ ብቻ እያለቀሰ በዳዴ ይሸሽ ጀመር። ፍርሃቱም ወደ ጥንቸሉ፣ ወደ ውሻው፣ ወደ ፀጉራም ካፖርት ተዛመተ፤ ከወር በኋላ ቀነስ ቢልም አልለቀቀውም። ጥናቱ በ1920 ታተመ። አልበርት ከሆስፒታሉ ሲወጣ ፍርሃቱን ያራገፈለት የለም። ማን እንደነበረም ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

(እኛስ «ዝም በል፣ ጅቡ መጣ!» እየተባልን አይደል ያደግነው? መዶሻው አልነበረም እንጂ ዘዴው ያው ነው።)

ለነገሩ በአንድ ሕፃን ላይ ብቻ የተሠራ ሙከራ ብዙ አያስረዳም፤ ፎቢያ ያለበት ሁሉም ሰው ከጀርባው መዶሻ አልተመታም። እኛን ይበልጥ የማረከን ከዚያ በኋላ የመጣችው ሜሪ ከቨር ጆንስ ናት። በ1924 ያሳተመችው ሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ስለቀረውና ጥንቸል ስለሚፈራ ፒተር ስለተባለ ልጅ ነው። ጥንቸሉ በቀፎ ሆኖ ከሩቅ ይቀመጣል፤ ሌላ ቀን ትንሽ ይጠጋል። መሃል ላይ ልጁ ታሞ ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ቆየ፤ ሲመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ትልቅ ውሻ ዘለለበትና የተደከመበት ሁሉ ገደል ገባ። ጆንስ እንደገና ከሩቁ ጀመረች፤ አሁን ግን ፒተር የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ታቀርብለት ነበር። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉ ጣቱን ሲቀማምሰው ዝም ብሎ ያይ ነበር። በ1958 ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ ተመሳሳይ መንገድ ለአዋቂዎች ሕክምና አድርጎ በመጽሐፍ አወጣው፤ ዛሬም ሐኪሞች ፎቢያን የሚያክሙት በአብዛኛው እንዲሁ ደረጃ በደረጃ እያቀራረቡ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሊፍቱን ምድር ቤት ላይ አቁመን በሩን በእጃችን ያዝንለት። ጓደኛችን አንድ እግሩን አስገባና መልሶ አወጣ። ከዚያ ሁላችንም በደረጃው ወጣን።